ሲሪያል ቁጥሩ ከካርቶኑ ይቅደም

ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የላፕቶፕ ግዥ ሲጓተት ጣት የሚቀሰረው አቅራቢው ላይ ነው። ሲጣራ ግን ጥያቄው ኃላፊው ዘንድ ሰንብቷል፤ ግዥ ክፍል «ስፔሲፊኬሽኑ አልተሟላም» ብሎ መልሶታል፤ ፋይናንስ የበጀት ኮድ ጠይቋል፤ ዕቃው ሲመጣ ደግሞ ንብረት ክፍል ሳይመዘግበው አይቲ ወስዶ ለሠራተኛው ሰጥቶታል። የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ብቻውን ይህን አያቃናም፤ የተዘበራረቀውን አሠራር በአዲስ ስክሪን ያሳያል እንጂ። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የዕቃው መዝገብ የሚከፈትበት ጊዜ ነው። ብዙ ቦታ የሚከፈተው ዕቃው ሠራተኛው እጅ ከገባ በኋላ ነው። መከፈት ያለበት ግን ገና ከአቅራቢው መጋዘን ሳይወጣ ነው።

ለዚያ የሚገዛው ነገር አስቀድሞ በዝርዝር ተጽፎ መታወቅ አለበት። ሦስት ዓይነት ላፕቶፕ ይበቃል፦ ለቢሮ ሥራ አንድ፣ መንገድ ለሚበዛበት ቀለል ያለ አንድ፣ ለንድፍና ለከባድ ስሌት ጠንከር ያለ አንድ። ለቢሮው 16 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እና 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክ) መነሻ ይሁን። 8 ጊጋባይት ገዝቶ «ሲያንስ እንጨምራለን» ማለት አያዋጣም፤ የብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራም ማዘርቦርዱ (ዋናው የሰርኪት ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ስለሆነ የሚጨመርበት ቦታ የለም።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ዶኪንግ ስቴሽን (ዶክ) ነው፤ ላፕቶፑን በአንድ ገመድ ከሞኒተር፣ ከኪቦርድና ከኃይል ጋር የሚያገናኘው ሣጥን። የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ መልኩ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ አይደለም፤ ዳታ ብቻ የሚያስተላልፍ፣ ምስል የማያወጣ፣ ቻርጅ የማይቀበልም አለ። 65 ዋት የሚሰጥ ዶክ 130 ዋት ከሚፈልግ ላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ ሥራ በበዛበት ሰዓት ገመዱ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል፤ ሠራተኛውም «ባትሪው ተበላሽቷል» ብሎ ያመለክታል። ስለዚህ ከዝርዝሩ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ላፕቶፑ፣ ዶኩና ሁለት ሞኒተር አንድ ላይ ተሰክተው ሙሉ ቀን ይፈተኑ። ለሥራ አመራሩ የተለየ ሞዴል መፍቀድ ደግሞ ዝርዝሩን የሚያፈርሰው የመጀመሪያው ነገር ነው። ያ የተለየ ላፕቶፕ ሲበላሽ የሚተካው አይኖርም፤ ቻርጀሩ እንኳ ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ዝርዝሩ ካለ ማጽደቁ ይቀላል። በዝርዝሩ ላለና በጀት ለተያዘለት ዕቃ የቅርብ ኃላፊው ፊርማ ይብቃ። ከዝርዝሩ ውጪ ለሚጠየቅ አይቲም ይፈርም፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ይቅረብ። ለአዲስ ሠራተኛ ማንም መጠየቅ የለበትም፤ የሰው ኃይል ክፍል የቅጥር ቀኑን ሲመዘግብ ጥያቄው በራሱ ይከፈት።

ስቶር ውስጥ ምን ያህል ይቀመጥ? በሳምንት 6 ላፕቶፕ የሚወጣ ከሆነና አቅራቢው ለማድረስ 5 ሳምንት ከፈጀበት 30 ያስፈልጋል። ለመዘግየት የ2 ሳምንት መጠባበቂያ፣ ማለትም 12 ሲጨመር፣ በስቶር ያለውና ታዝዞ ያልደረሰው አንድ ላይ 42 ሲደርስ አዲስ ትዕዛዝ ይወጣል። ከዚያ በላይ ማከማቸት ኪሳራ አለው። ዋስትናው ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ከተላከበት ወይም ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ነው፤ 36 ወር ዋስትና ያለው ዕቃ 6 ወር ስቶር ውስጥ ከቆየ አንድ ስድስተኛው ሳይሠራበት አለቀ። የሊቲየም ባትሪም ባዶውን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ይጎዳል፤ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ነው መቀመጥ ያለበት። ተመላሽ ዕቃ ካለ ከአዲሱ በፊት እሱ ይውጣ፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ የሌለው አሮጌ ማሽን ግን አይሰጥ። ዊንዶውስ 11 ይህን ይጠይቃል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

አሁን ወደ መዝገቡ። የግዥ ትዕዛዙ ላይ አንድ ግዴታ ይጻፍ፦ አቅራቢው ዕቃውን ከመጋዘኑ ሳያወጣ የትዕዛዝ ቁጥር፣ ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥርና ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀን የያዘ ፋይል ይላክ። ፋይሉ ወደ መዝገብ ሲገባ ዕቃዎቹ «ታዝዟል» ተብለው ይከፈታሉ። በዚያው ጊዜ አቅራቢው የዊንዶውስ ማሽኖችን በድርጅቱ ስም አውቶፓይሎት ላይ፣ ማኮችን አፕል ቢዝነስ ማኔጀር ላይ ያስመዝግብ፤ ሁለቱም የድርጅት ማሽኖች የሚመዘገቡባቸው የማይክሮሶፍትና የአፕል አገልግሎቶች ናቸው። እንዲህ ከሆነ ሠራተኛው ካርቶኑን ከፍቶ ኢንተርኔት ሲያገናኝ ማሽኑ ራሱን ያዘጋጃል፤ አይቲ አንድ በአንድ ሲጭን አይውልም። ከችርቻሮ ሱቅ የተገዛ ማክ ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ አይገባም። በእጅ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ተጠቃሚው ከቁጥጥር ሊያወጣው ይችላል።

ርክክብ ላይ ቁጥሩ በስካነር ይነበብ እንጂ በእጅ አይጻፍ፤ ዜሮና «ኦ»፣ 8ና «ቢ» ይምታታሉ። ስካነርም ይሳሳታል፤ ካርቶኑ ላይ የሞዴል ቁጥርም የራሱ ባርኮድ አለው። 40 ላፕቶፕ አንድ ዓይነት ሲሪያል ይዘው ከተገኙ የተነበበው እሱ ነው። መዝገቡ ድግግሞሽን እንዳይቀበል አድርጉት። ፋይናንስም ክፍያ የሚፈጽመው ትዕዛዙ፣ የርክክብ ሰነዱና ኢንቮይሱ ሲገጥሙ ብቻ ይሁን።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ሁኔታ ይኑረው፦ ስቶር ያለ፣ በሠራተኛ እጅ ያለ፣ ጥገና ላይ ያለ፣ የጠፋ፣ የተወገደ። «አይቲ ክፍል» የሚል ተረካቢ አይፈቀድ፤ ስም ያለው ሰው ወይም የታወቀ መደርደሪያ ይጻፍ። ማውዝና ኪቦርድን በሲሪያል መከታተል ጉልበት ማባከን ነው፤ እንደ አላቂ ዕቃ ይቆጠሩ። በየወሩ መዝገቡ ማሽኖቹን ከርቀት ከሚያስተዳድረው መቆጣጠሪያ ሲስተም ጋር ይመሳከር፤ 30 ቀን ያልታየ ማሽን ሁሉ ተረካቢው ይጠየቅበት። ማዘርቦርድ ተቀይሮ ከጥገና የተመለሰም ይፈተሽ፤ የሃርድዌር መለያው ስለሚቀየር አውቶፓይሎት ላይ እንደገና መመዝገብ አለበት።

ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንሱ ላይ ቻርጀሩም ይካተት። በግል አካውንት የተቆለፈ ማክ ተቀብሎ መፈረም ደግሞ የማይከፈት ዕቃ መረከብ ነው፤ ሰውየው ሳይሄድ አካውንቱን ያውጣ።

በማስወገድ ላይ የተለመደው ስህተት ኤስኤስዲን እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ ደጋግሞ በላዩ ላይ በመጻፍ ማጽዳት ነው። ኤስኤስዲ ለራሱ ያስቀራቸው፣ ኮምፒውተሩ የማይደርስባቸው ክፍሎች ስላሉት አሮጌ መረጃ ሊቀር ይችላል። የአምራቹን የማጥፊያ ትዕዛዝ ተጠቀሙ፤ ዲስኩ ከመጀመሪያው ቀን የተመሰጠረ ከሆነ ቁልፉን ማጥፋትም ይሠራል። የአሜሪካው የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) መመሪያ ኤስፒ 800-88 የሚመለከተው ይህንኑ ነው። ማሽኑ ከአውቶፓይሎት ወይም ከአፕል ቢዝነስ ማኔጀር ካልተሰረዘ የገዛው ሰው ሲከፍተው የድርጅታችሁን መግቢያ ገጽ ያገኛል። ፋይናንስም ከቋሚ ንብረት መዝገቡ ካላወጣው የሌለ ዕቃ ሲቆጠር ይኖራል። ከአስወጋጁ ድርጅት የሚመጣው ማረጋገጫ «40 ላፕቶፕ» የሚል ብቻ ከሆነ አትቀበሉት፤ ሲሪያል ቁጥሮቹ ይዘርዘሩ፤ እዚያ ላይ ያልተገኘ ቁጥር እስኪገኝ ድረስ መዝገቡ አይዘጋ።