የአጎቴ ሆንዳ

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው የአጎቴ ግቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንዲት ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ቆማ ነበር። ዶሮ ያድርባታል። ልብስ ይሰጣባታል። የጎረቤት ልጆች ተራ በተራ እየወጡ በአፋቸው ያስነሷታል። አጎቴ ድሮ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛት ናት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ያ የሌሊት ጎርፍ ሲመጣ እስከ ወገቧ ጭቃ ዋጣት። ያን ሌሊት ድሬ ብዙ ሰው አጣች፤ ስለ ሞተር የሚያስብ አልነበረም። አጎቴም ከዚያ በኋላ ነክቷት አያውቅም።

በ2015 አንድ እሑድ ‹‹ልሥራት?›› አልኩት። ጫቱን እየቀነጠበ ቀና ብሎ አየኝ።

‹‹አቦ፣ ከቻልክ ውሰዳት። ግን ቤቴን ጋራዥ እንዳታደርገው።››

ቤቱን ጋራዥ አደረግኩት። አሥራ አንድ ወር።

መጀመሪያ ልናገር፣ መካኒክ አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ካቻቢቴ ይዤ የማውቀው ሶኬት ስቀይር ነው። የነበረኝ ነገር አንድ ደብተር ነው፤ እያንዳንዷን ሳንቲም ጻፍኩባት። አሮጌ ሞተር ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ከቁልፍና ከፒንሳ በፊት ሊብሬውን ይፈልግ እላለሁ። የሻንሲ ቁጥሯን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ከሊብሬው ጋር እስካመሳክር ድረስ አንድ ብር አላወጣሁም። ሊብሬው የተረፈው አክስቴ ቁም ሣጥን አናት ላይ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ስላስቀመጠችው ነው። ወረቀት የሌላት ሞተር ብትነሳም ከግቢ አትወጣም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ግን ትልቁ ስህተቴ ነው። ቀባኋት።

ምን ላድርግ፣ ቆንጆ ሆና ማየት ቸኮልኩ። ታንከሩን ፈትቼ ፈገፈግኩ፣ ስቱኮ አስመታሁ፣ ቀይ ቀለም አስረጨሁ። ፌስቡክ ላይም ለጠፍኩ። ሁለት ወር ቆይቼ ቤንዚን ስጨምርበት ከሥሩ በኩል ማንጠብጠብ ጀመረ። ቤንዚኑ አዲሱን ቀለም እንደ ሙዝ ልጣጭ ላጠው። በደብተሬ ላይ ‹‹ቀለም፣ የመጀመሪያው፣ 1,700 ብር›› የሚል መስመር አለ። አጠገቡ የጻፍኩትን ቃል እዚህ አልደግመውም።

ሞተሯ ደርቃ፣ ፒስተኗ ተጣብቆ ነበር። መርገጫው አይወርድም። የዘይት መውጫዋን ቡሎን ስፈታ መጀመሪያ ውሃ መጣ፣ ቀጥሎ ማኪያቶ የመሰለ ነገር። ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ዓመታት ሲቀመጥ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ወጣ ገባ የሚሉ የሰፈር ልጆች ‹‹መርገጫው ላይ ዝለልበት›› አሉኝ። ልዘልም ነበር። ደግነቱ አልዘለልኩም፤ የደረቀ ፒስተን ላይ ከተዘለለ የሚሰበረው የመርገጫው ጥርስ ነው፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል።

እሳት የምትሰጠውን ካንዴላዋን ፈትቼ በቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅዬ ጨመርኩ። በየማለዳው ጥቂት እጨምራለሁ። አምስተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቼ የኋላ ጎማዋን በእጄ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ እወዘውዛለሁ። በትልቁ ማርሽ ሲሆን ጎማው ሞተሩን ለማንቀሳቀስ ብዙ ጉልበት አይፈልግም። ስምንት ቀን ምንም የለም። በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ‹‹ጢቅ›› አለች። የጣት ውፍረት አይሞላም የተንቀሳቀሰችው። ብቻዬን ጮህኩ። አክስቴ ሌባ መስሏት ወጣች።

ሰዓቱን የጠቀስኩት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ድሬ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ብረት አይነካም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማው በርጫ፣ የጫት ቅምቀማ ላይ ነው፤ መለዋወጫ ሻጩም፣ ብረት የሚቀርጸው ቶርኖ ቤቱም፣ አጎቴም። የበርጫው ጀመዓ ሞተሬን በወሬ ብቻ አራት ጊዜ ፈትቶ ገጥሟታል። አንዱ ‹‹የፍሪሲዮን ችግር ነው›› ይላል፣ ሌላው ‹‹ወላሂ ኩሽኔታ ነው›› ይላል። እስከ ማታ መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። ጠዋት ግን አንድም ሰው ቁልፍ ሊያቀብለኝ አልመጣም።

ስትፈታ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ ቡሎኖቹን ሁሉ አንድ የወተት ጣሳ ውስጥ መክተት ቂልነት ነው። ሁለት ማታ የትኛው የየት እንደሆነ ስለካ አደርኩ። ከዚያ በኋላ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ እየለየሁ አስቀመጥኩ፣ ከመፍታቴ በፊትም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ሁለተኛው፣ የጃፓን ሞተር ባለመስቀል ብሎኖች ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር አይስማሙም። ይንሸራተትና ጭንቅላታቸውን ይበላዋል። ካቻቢቴውን ልኩ ላይ አድርጎ፣ ከኋላው በመዶሻ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጎ፣ ከዚያ ነው መጠምዘዝ። ሦስት ብሎን ካበላሸሁ በኋላ የነገሩኝ ቶርኖ ቤት ያሉት ሽማግሌ ናቸው።

እኚህ ሰው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ድሬ እኮ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ገና ከጅምሩ ወርክሾፕ ነበራት። ከዚያ ወርክሾፕ የወጡ እጆች አሁንም አሉ። ሽማግሌው ከዚራ አካባቢ አንዲት አሮጌ ቶርኖ ይዘው በጠዋት ይሠራሉ። ስትቸኩልባቸው ‹‹ዱስማ፣ ዱስማ›› ይላሉ፤ ‹‹ቀስ በል›› ማለታቸው ነው፣ በፈረንሳይኛ።

ሲሊንደሩን አሳየኋቸው። ግድግዳው በዝገት ተበልቷል።

‹‹ይሰፋል። ፒስተኑስ?››

‹‹ሲያሰፉልኝ እገዛለሁ ጋሼ።››

ሳቁብኝ። ‹‹ልጄ፣ እግርህን ሳትለካ ጫማ ይሰፋልሃል? ፒስተኑን አምጣ፣ በእሱ ልክ ነው የማሰፋው።››

ሄድኩ። የድሮውን ፒስተን ሳልይዝ ሄድኩ። ‹‹የሲጂ ፒስተን›› አልኩ፣ ሻጩም የሲጂ ሰጠኝ። 62 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ150ው ሆኖ ተገኘ። የእኔዋ 56.5 ናት። ሻጩ የተከፈተ ዕቃ አልመልስም አለ። 1,500 ብር ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት መያዣ ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ የድሮውን ዕቃ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መሄድ ነው፣ ዝገቱም ዘይቱም ሳይጠረግ። ስም ይሳሳታል፣ ብረት አይሳሳትም።

በሁለተኛው ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚተልቅ፣ 57 የሆነ የቻይና ፒስተን ከነ ፋሻው፣ ማለትም ከነቀለበቶቹ፣ በ1,900 አገኘሁ። ሽማግሌው በማይክሮሜትር ለክተው በዚያው ልክ አሰፉልኝ፤ 1,200 ከፈልኩ።

እዚህ ላይ የሞተሯን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በጀቴን ያዳነኝ እሱ ነው። ሆንዳ ሲጂ 125ን ያወጣው በ1976 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። መሐንዲሶቹ የሠሯት እንደኛ ባለ አገር ሞተር እንዴት እንደሚያዝ አይተው ነው። ጭነት ይበዛል፣ ዘይት አይቀየርም፣ አቧራ አለ። ስለዚህ ከላይ ካም (ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ክፍል) የሚያዞር ሰንሰለት የላትም፤ ቫልቮቹ በዘንግ ነው የሚገፉት። የጎማዋ ሰንሰለትም ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው። ያንን ሽፋን ስከፍተው ከጭቃው በታች ሰንሰለቱ አሁንም ግሪስ ነበረው፤ ማመን አቃተኝ። ይህን ሞተር ቻይናዎች ደጋግመው ስለቀዱት መለዋወጫው እስካሁን ይገኛል። ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ሄዶ ‹‹የድሮ ሆንዳ ዕቃ›› ብሎ የሚጠይቅ ሰው ‹‹የለም›› ይባላል። ‹‹የቻይና ሲጂ 125›› ሲል ግን መደርደሪያው ይከፈትለታል። አሮጌ ሞተር ልትገዙ ካሰባችሁ ቀለሟን ሳይሆን ይህንን አጣሩ፦ ሆዷ ከየትኛው አዲስ ሞተር ጋር ይመሳሰላል?

ወደ ታንከሩ እንመለስ። ውስጡ ዝገት ብቻ ነበር። አንዱ የባትሪ አሲድ አለኝ፣ ፈራሁ። አምስት ሊትር አቼቶ ገዛሁ፣ አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠር ጨመርኩ፣ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። እያለፍኩ አነቃንቀዋለሁ። ግቢው ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ዝገቱ ሲወጣ አብሮ የወጣው እውነት ነበር፤ ቀዳዳዎቹን የደፈናቸው ዝገቱ ራሱ ኖሯል። ብየዳ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከመንካቱ በፊት ደጋግሞ አጥቦ እስከ አፉ ውሃ ሞላው። ባዶ የመሰለ ታንከር ውስጥ የቤንዚን ትነት አለ፣ ትነቱ ነው የሚፈነዳው። ውሃ ሳይሞላ እሳት የሚያቀርብ ሰው ካያችሁ ታንከራችሁን ይዛችሁ ሩጡ። ከብየዳው በኋላ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ዘይት ሳላስነካው አደረ፤ ጠዋት ውስጡ እንደገና ብርቱካንማ ሆኖ ጠበቀኝ። እንደገና አቼቶ። በሁለተኛው ወዲያው እንደደረቀ ዘይት አዟዙሬ ቀባሁት።

ካርቡራተሩን ያበላሸሁት በመርፌ ነው። ነዳጅ የምታሳልፈዋ የነሐስ ቀዳዳ ተደፍና ነበር፣ የአክስቴን መርፌ ወስጄ ወጋሁት። ተከፈተ። ብዙ ተከፈተ። ያቺ ቀዳዳ በልክ ነው የተበሳችው። ትንሽ ስትሰፋ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጠቁራል። አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ። የቀሩትን ቀዳዳዎች ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌ በጎሚስታው የአየር ቱቦ አስነፋሁ፣ እሱም በነፃ።

መብራቷ 6 ቮልት ነው። እኔ ግን ከባጃጅ መለዋወጫ አምፖል ገዛሁ፣ ድሬ ላይ ከባጃጅ የሚበዛ ነገር ስለሌለ። ባጃጅ 12 ቮልት ነው። ማታ ሳበራት እንደ ኩራዝ ሆነች። ሰው አያሳይም፣ አይታይም። የ6 ቮልት አምፖልና ባትሪ ለማግኘት አንድ ወር ጠበቅሁ። ካንዴላው እሳት አልሰጥ ያለውም በቀላል ነገር ነበር። በማግኔቱ በኩል ያሉት፣ እሳቱን የሚከፍቱና የሚዘጉት ሁለት ጥርሶች ኦክሳይድ ይዘዋል። በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አሻሸኋቸው፣ ክፍተታቸውን 0.35 ሚሊ ሜትር አደረግሁ፣ ሰማያዊ እሳት መጣ። ለዚህ ሥራ አንድ ጋራዥ ‹‹ኮይሉ ተቃጥሏል›› ብሎ 4,000 ጠይቆኝ ነበር።

ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኬብሎች፣ የመቀመጫ ልባስ፤ እነዚህ ገንዘብ እንጂ ጥበብ አይፈልጉም። ጎማ ላይ ግን አትቆጥቡ። የድሮው ጎማ ጥርሱ አላለቀም ነበር፣ የድሬ ሙቀት ግን ጎኑን እንደ ደረቀ መሬት ሰነጣጥቆታል። ሁለቱንም ቀየርኩ፣ 7,200። ከደብተሩ ውስጥ ትልቁ ወጪ እሱ ነው።

ሲጠቃለል የሚያስፈልገኝ ነገር 20,500 ብር ፈጀ። በስህተት ያወጣሁት ለብቻው 4,300 ነው፦ የመጀመሪያው ቀለም፣ የ150ው ፒስተን፣ የተወጋችው ነሐስ፣ የባጃጅ አምፖል፣ ሌላም ሌላም። ከፍዬ የማላውቀው ነገር ቢኖር የራሴን ጉልበት ነው።

የተነሳችው በ2016 ነው። የቫልቮቹን ክፍተት 0.08 ላይ አስተካክዬ፣ አዲስ ዘይት ሞልቼ፣ በስድስተኛው ርግጫ። ማርሚታው መጀመሪያ የተፋው የአይጥ ጎጆ ነበር። አጎቴ ከውስጥ ወጣ። ምንም አላለም። ድምጿን ቆሞ ሰማ፣ ከዚያ እጁን ታንከሩ ላይ፣ ገና ቀለም ያልነካው ባዶ ብረት ላይ አስቀመጠ። እኔም ራቅ አልኩ።

አዲስ ፒስተን ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ሳላስጨንቃት ከተማ ውስጥ ነዳኋት፣ ገና 200 ሳልደርስ ዘይቷን ቀየርኩ። የብረት ዱቄት እንደ ብልጭልጭ ታየበት። ቀለሙን ያስቀባሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ ቀይ፣ እንደ ድሮዋ።

ከዚያ በሐረር መንገድ ያለውን የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ዳገቱ ግን ከ2,000 በላይ ያወጣሃል። ከመሐል ጀምሮ ትንፋሽ አጠራት፣ ጭሷ ጠቆረ። ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን የድሬን ያህል ነዳጅ ይሰጣል። ዳር ይዤ ካንዴላዋን ፈታሁ፤ ጥላሸት። ጠራርጌ መለስኩና በዝቅተኛ ማርሽ እያልኩ ሐረር ገባሁ። ለሐረር ሰው አንድ ቁጥር የምታንስ የካርቡራተር ነሐስ እመክራለሁ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አልቀየርኩም።

አሁን አርብ አርብ አጎቴ ይወስዳታል። ‹‹ለመስጊድ›› ይላል። መስጊዱ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ማታ ሲመልሳት ታንከሩ ባዶ ነው።