የቡራዩው ቆሞስ

ኅዳር 13 ቀን 2018፣ ቅዳሜ። ከአስኮ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ የትናንቱ ጭስ ገና ይሸታል። ኅዳር ሲታጠን የከተማው ዳር ከመሐሉ ይልቅ አምርሮ ያጥናል፤ የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ያየ ሰው ባይቀርም ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉ ቀርቷል ማለት አይደለም። ቡራዩ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ብትሆንም ረዳቱ "ቡራዩ! ገፈርሳ!" እያለ ነበር የሚጣራው። ከዋናው መንገድ ባጃጅ ያዝኩና ኮብልስቶኑ ያለቀበት ቦታ አወረደኝ፤ የቀረውን በእግር።

የምሄደው አንድ የካቶሊክ ካህን ዘንድ ነው። የእሳቸው ምእመን የሆነች የሥራ ባልደረባዬ "አባ እንግዳ ይወዳሉ፤ ሂድና እደር" ብላ ደውላልኝ ነበር። እኔ ያደግሁት ኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ ካቶሊክን የማውቀው በትምህርት ቤቶቹ እንጂ በቁምስናው፣ ማለትም በአጥቢያው፣ አይደለም።

ስደርስ አባ በር ላይ ቆመው ስለ ውኃ ታንከሩ ከዘበኛው ጋር ይከራከራሉ። 78 ዓመታቸው ነው። ግራጫ ሹራብ ለብሰው ጋቢ ደርበዋል፤ የእጅ መስቀላቸው ጫፍ ከኪሳቸው ብቅ ብሏል። አወጡት፣ ተሳለምኩ። በኋላ አብረን ወደ ሱቅ ስንወጣ መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሴቶችም ነጠላቸውን እያስተካከሉ እንደዚያው አደረጉ፤ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ካህን እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

"መጀመሪያ ላይ እነግራቸው ነበር" አሉኝ። "አሁን ባርኬ አልፋለሁ።"

የተወለዱት ትግራይ፣ ኢሮብ ውስጥ ባለችው ዓሊቴና ነው። አፋቸውን የፈቱት በሳሆ ቋንቋ ነው። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደያቆቢስ፣ የአገሬው ሰው አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 ትግራይ ከገቡ በኋላ የካቶሊክ እምነት ሥር ከሰደደባቸው መንደሮች አንዷ ዓሊቴና ናት። አባ በወጣትነታቸው ሮም ተልከው የተማሩት በኢትዮጵያ ኮሌጅ፣ በቫቲካን አጥር ውስጥ ባለው ብቸኛ ኮሌጅ ነው። ከመኝታ ክፍላቸው መስኮት የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ይታይ ነበር። ስለ ጉልላቱ ብዙ እንዲያወሩልኝ ብጠብቅም እሳቸው ያወሩኝ ስለ ፓስታው ነው፤ ምን ያህል እንደሰለቻቸው። ዛሬ በመስኮታቸው የሚታየው ያላለቀ የጎረቤት ፎቅ ነው።

በ2013 በትግራይ ጦርነት ስልክ ሲቋረጥ ወንድማቸው ይኑር ይሙት ሳያውቁ ብዙ ወራት አሳልፈዋል። ይህን የነገረኝ የቁምስናው ሃይማኖት አስተማሪ፣ ካቴኪስቱ ነው። እሳቸውን አልጠየቅኳቸውም።

የአንድ ቆሞስ፣ የቁምስና አስተዳዳሪ ካህን፣ ሥራ ስብከት ይመስለኝ ነበር። ከሰዓቱ ያለቀው ግን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚው ላይ ባለጉዳይ ተደርድሯል፦ ዐረብ አገር ልትሄድ የጥምቀት ማስረጃ የምትፈልግ ልጅ፣ ለልጁ ክርስትና ቀን የሚያስይዝ አባት፣ ሊያገባ ያሰበ ልጅ። አዲስ አበባ ዳር ያለ ቁምስና ምእመኑ በአብዛኛው ከደቡብ የመጣ ነው። ወላይታው፣ ከምባታው፣ ሐዲያው፣ ጉራጌው ለሥራ ይመጣል፤ ካቶሊክነቱን ከአገሩ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማስረጃውም እዚያው አገሩ ነው ያለው። ከእምድብር የመጣ ሰው ወረቀት ሲያስፈልገው አባ ወደ እምድብር ይደውላሉ፤ ከሶዶ ከሆነ ወደ ሶዶ።

እኔን የገረመኝ የጥምቀት መዝገቡ ኅዳግ ነው። ሰው በየትም ቦታ ቢያገባ ወሬው ወደተጠመቀበት ቁምስና ይላክና ከስሙ ጎን ይጻፋል። መታወቂያ ቢቀየር፣ ቀበሌ ቢፈርስ፣ ኅዳጉ ይናገራል። ሊያገባ የመጣውም ልጅ ይህን አላወቀም ኖሮ "ነጻ ነኝ አባ፣ ይመኑኝ" ይላል። አባ አመኑትም አላመኑትም ስልኩን አነሱ። እዚያኛው ወገን ያለው ካህን መዝገቡን እስኪያገላብጥ ልጁ ጫማውን ሲያይ ቆየ። ነጻ ነበር። "ይኼ ደህና ነው" አሉኝ ልጁ ከወጣ በኋላ፣ "አንዱ ግን ቀለበት ገዝቶ፣ ሠርግ ጠርቶ፣ ኅዳጉ ላይ ሚስቱ ተገኘች።" እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ማታ ዶሮ ቀረበ። እሑድ ቅበላ ነው፤ ሰኞ ጾመ ነቢያት ይገባል።

እሑድ ጠዋት ልማዴ ሆኖ በሩ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ማንም እንዳላወለቀ አየሁና ቀና አልኩ። አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከበሮና ጸናጽልም አለ። ቅዳሴው በግዕዝና በአማርኛ እየተቀላቀለ ስለሚሄድ ግማሹን በቃሌ ተቀበልኩ። የተለየው፣ ስለ ሮሙ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲጸለይ ነው። አባ ያረፉትን ጠርተው "ፍራንቸስኮስ" ብለው ጀመሩ፤ ካቴኪስቱ ከጎናቸው ሹክ አላቸውና "ሊዮ" ብለው አስተካከሉ። ከፊቴ ያሉት አሮጊት ፈገግ አሉ፤ መልመዳቸው ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው መንበሩን ይዘው ነው የቀደሱት።

የምሥራቃውያን ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና 75 ዓመት የሞላው ቆሞስ መልቀቂያ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። አባ በ2015 ጽፈው አስገብተዋል። "ተተኪ እስኪገኝ ይቆዩ" ተባሉ፤ ካህን እንደሚያንስ ያውቃሉና አልተከራከሩም። ለእኔ ግን ተተኪ ቢመጣ ቁልፉን በደስታ የሚያስረክቡ፣ መዝገቡን ግን የሚደብቁ ይመስለኛል።

ከቅዳሴ በኋላ ዕድር ነበራቸው። የሰፈሩ ዕድር የሁሉም ነው፤ ሰብሳቢው ሐጂ ናቸው። እኛ ስንደርስ ስም ተጠርቶ አልቋል፤ ግማሹ ሰው ዓይኑ ወደ ሥጋ ቤቱ ወረፋ ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ "አባ፣ ቅጣት አለብዎት" አላቸው።

"ቅዳሴ ላይ ነበርኩ።"

"ያሳጥሩት እንጂ አባ" አሉ ሐጂ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ።

"እናንተ ስብሰባውን አርፍዱት" አሉና ከሹራባቸው ውስጥ 30 ብር አውጥተው ቆጠሩ። ጸሐፊው ደረሰኝ ሊጽፍ ካርቦኑን ሲያስተካክል፣ አባ የሟች ቤተሰብ ድንኳን ለምን እንደተቀደደ መጠየቅ ጀምረው ነበር።