የጋሼን ሃርድ ዲስክ ከመሰካቴ በፊት ማን በነገረኝ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። የሟች ዘመድ፣ የጡረተኛ መምህር ወይም የተዘጋ ቢሮ ሃርድ ዲስክ እጃችሁ ከገባ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አትሰኩት። «ምን እንዳለበት ብቻ ልይ» ብላችሁም አትሰኩት። እኔም የሰካሁት ለማየት ብቻ ነበር። በዚያ አንድ ማታ ያጠፋሁትን እስከ ዛሬ መንዝ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ እፈልጋለሁ።

አጎቴ መሐል ሜዳ መምህር ነበር። እኛ ጋሼ ነው የምንለው። ከማስተማሩ ጎን የሽማግሌዎችን ቃል ይሰበስብ ነበር። ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ የለቅሶ ግጥም፣ የዘር ቆጠራ፣ የድሮ የርስት ክርክር። መጀመሪያ በደብተር ጻፈ። በኋላ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ኮምፒውተር አገኘና ሁሉንም እዚያ ላይ መልቀም ጀመረ። ደብተሮቹን አይጥና እርጥበት በላቸው። የቀረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ነው።

ጋሼ ካረፈ በኋላ ሚስቱ እትዬ ጠራችኝ። «ልጄ፣ አንቺ መዝገብ ቤት አይደል የምትሠሪው? ይሄን ውሰጂው። ቦታ ይዞብኛል፤ ልጥለው ደግሞ እጄ እምቢ አለ» አለችኝ። 23 ፍሎፒ፣ 6 ሲዲ፣ 2 ፍላሽና ኮምፒውተሩን ሰጠችኝ። ኮምፒውተሩን በባና ጠቅልለን፣ በሞላሌ በኩል ጣርማ በር ወጥቼ፣ ጭኔ ላይ እንዳቀፍኩት ደብረ ብርሃን ገባሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ፍሎፒ ጠርዙ ላይ ትንሽ ማንሸራተቻ አለው። ቀዳዳው እስኪከፈት ከገፋችሁት ኮምፒውተሩ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። በዩኤስቢ የሚሠራ ፍሎፒ ማንበቢያ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ኤፍቲኬ ኢሜጀር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከ23ቱ 19ኙን ሙሉ በሙሉ አነበብኩ። ሲዲዎቹ አላስቸገሩም። ፍላሾቹ ላይ የምናውቀው የሾርትከት ቫይረስ ነበረባቸው። ፍላሽ ባዶ ሲመስላችሁ ወይም በሾርትከት ሲሞላ ፎርማት አታድርጉ። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አይደለም።

አንድ ነገር ላብራራ፤ እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ይከራከረኛል። «ፋይሎቹን ኮፒ ካደረግሽ ምን ቀረ?» ይላሉ። ብዙ ነገር ይቀራል። ኮፒ የምታደርጉት የሚታየውን ፋይል ብቻ ነው። የዲስክ ኢሜጅ ግን ዲስኩን ከመጀመሪያዋ ቢት (ትንሿ የመረጃ ነጥብ) እስከ መጨረሻዋ እንዳለ መገልበጥ ነው። የተሰረዘው ረቂቅ፣ የፋይሉ ቀን፣ የፎልደሩ አቀማመጥ፣ ጸሐፊው የተጠቀመበት ፎንት፣ ሁሉም አብሮ ይመጣል። ከዚያ ሀሽ ይወጣለታል፤ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ማለት ነው። ኤስኤችኤ-256 የሚባለው 64 ፊደልና ቁጥር ነው። አንዲት ቢት ብትቀየር ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ቢሮ ለምትሠሩ፣ ሀሽ ማለት የማይፋቅ ማህተም ማለት ነው። እንደ ኤፍቲኬ ኢሜጀር ያሉ መሣሪያዎች የተሠሩት ለወንጀል ምርመራ ነው። የቤተ መዛግብት ሰዎች የወሰዷቸው የምርመራ ማስረጃም የታሪክ ሰነድም ያልተነካ መሆኑ መረጋገጥ ስላለበት ነው።

አሁን ወደ ሃርድ ዲስኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ያነበብኳቸው መመሪያዎች ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ። ሃርድ ዲስክ ያለ ራይት ብሎከር አይነካም። ራይት ብሎከር በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል የሚገባ ዕቃ ነው። ማንበብን ያሳልፋል፣ መጻፍን ይከለክላል። መሥሪያ ቤቴ እንዲገዛልኝ ደብዳቤ ጻፍኩ። ግዢ ክፍል 3 ፕሮፎርማ አምጪ አለኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚሸጥ የለም። አዲስ አበባ ዞሬ ዕቃውን የሚያውቅ አንድ ሱቅ እንኳ አጣሁ። ያንኑ ተመልሼ ስናገር «ፕሮፎርማ ከሌለ ግዢ የለም» ተባልኩ። ለአለቃዬ ነገርኩ። «ለመሆኑ ይሄ ዕቃ ለምንድን ነው? ፋይሉን በፍላሽ መገልበጥ አይቻልም?» አለኝ። 3 ወር እንዲሁ አለፈ። ደብዳቤዬ ላይ «ለሚመለከተው» ተብሎ ተመርቶ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ዞረ። የሚመለከተው ሰው ግን አልተገኘም። በዚህ እስከ ዛሬ ተናድጄ አልወጣልኝም።

ፍሎፒዎቹ ስለተሳኩልኝ ደግሞ የልብ ልብ ተሰምቶኝ ነበር። አንድ ማክሰኞ ማታ ሃርድ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ አወጣሁት። 20 ጊጋባይት ነው። የድሮውን ገመድ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ነበረኝ። የራሴ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት።

ወዲያው መልእክት መጣ። ዲስኩ ችግር እንዳለበት፣ ፈትሾ እንዲያስተካክለው እፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል። ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሠራ መብራት ሄዶበት ይሆናል፤ በአግባቡ ያልተዘጋ ዲስክ እንዲህ ያስብላል። «ማስተካከል» የሚለው ቃል አታለለኝ። ክሊክ አደረግሁ።

ዊንዶውስ የሚያስተካክለው ዲስኩን ለራሱ እንዲመቸው ነው። ሰነዱ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሽማግሌዎቹ ቃል የነበረበት ፎልደር ተጎድቶ ነበርና ፎልደሩን አፍርሶ ውስጡ የነበሩትን ፋይሎች ስማቸውን አውልቆ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዳቸው። ፋይል 0000፣ ፋይል 0001 እያለ። 63 ነበሩ። የጋሼ አሠራር ደግሞ የተናጋሪውን ስምና ቀበሌ በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ ነበር። ውስጡ ግጥሙ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ 63 ሰነድ ማን እንደተናገረው የሚገልጸውን ብቸኛ ምስክር በአንድ ክሊክ አጠፋሁ።

በዚያው ቅጽበት አንቲቫይረሱም ሥራ ጀምሮ ነበር። በዚያ ዘመን የዎርድ ፋይሎች ላይ የማክሮ ቫይረስ፣ ማለትም ሰነዱ ውስጥ ራሱ የሚደበቅ ቫይረስ፣ የተለመደ ነበር። 41 ፋይል ከዲስኩ ላይ አንስቶ ለይቶ አስቀመጠ። ሳልጠይቀው።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ገና ተስፋ ነበር። የፈረሰው ፎልደር ምልክት ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ይገኛል። እኔ ግን ደንግጬ በማግስቱ ኮምፒውተር ያውቃል ለሚባል አንድ ባለሙያ ደወልኩ። «ቀላል ነው፤ አንቲቫይረሱ የያዘውን እዚያው ዲስኩ ላይ መልሺው፤ ከዚያ ሪከቨሪ፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ሶፍትዌር፣ እንጭንበታለን» አለኝ። አደረግሁት። 41ዱን ፋይል እዚያው ዲስክ ላይ ጻፍኩ። ሪከቨሪ ሶፍትዌሩንም እዚያው ዲስክ ላይ ጫነልኝ። ስሞቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ጻፍንበት። በኋላ ስፈልግ ከ63ቱ 8 ስም ብቻ አገኘሁ።

በሰውየው ተናድጃለሁ። በራሴ ግን ይብሳል። እሱ ሰነድ ጠባቂ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ያዙልኝ። ከተሳሳታችሁ ገመዱን ንቀሉና ተቀመጡ። የመጀመሪያው ስህተት ብዙ ጊዜ ይታከማል። የሚገድለው ለማስተካከል ተብሎ የሚደረገው ሁለተኛው ነው።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግሁ? ራይት ብሎከር መጠበቅ ተውኩ። መመሪያ ጸሐፊዎቹ ቢቆጡም እንዲህ እላለሁ፦ ዕቃው የማይገዛበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ዲስኩ እየበሰበሰ 3 ዓመት አትጠብቁ። አሮጌ ላፕቶፕ ፈልጉና በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ብቻ ጫኑበት። የተሰካ ዲስክ በራሱ እንዲከፈት የሚያደርገውን ማስተካከያ አጥፉ። ዲስኩን ለንባብ ብቻ የሚያደርገውን ትእዛዝ ስጡ። መጀመሪያ በማይረባ ፍላሽ ሞክሩት፤ ከመሰካቱ በፊትና በኋላ ሀሹ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። እንደ ራይት ብሎከር አስተማማኝ አይደለም፤ ግን ከዊንዶውስ እጅግ ይሻላል። እኔ የተጠቀምኩት ቢትኪዩሬተርን ነው። ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲና ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤተ መዛግብት ብለው ነፃ የምርመራ ሶፍትዌሮችን አንድ ላይ የሰበሰቡበት ነው።

ኢሜጁን ለማንሳት ዲዲሬስኪው የሚባለውን ሶፍትዌር መረጥኩ። ምክንያቱ የእኛ መብራት ነው። የት እንደደረሰ በካርታ ይመዘግባል። መብራት ቢሄድም ከቆመበት ይቀጥላል፤ ለእኔ 2 ጊዜ ሄዶብኛል። ያልተነበቡትን ፍሎፒዎችም መልሼ ሞከርኩበትና ከ4ቱ የ3ቱን ግማሽ በግማሽ አወጣልኝ። ብዙዎች ኢሜጁን በተጨመቀው የመርማሪዎች ፎርማት አስቀምጡ ይላሉ። እኔ ጥሬውን ነው ያስቀመጥኩት። 20 ጊጋባይት ዛሬ ምንም አይደለም። ጥሬውን ከ30 ዓመት በኋላም ማንም ይከፍተዋል።

ኢሜጅ ማንሳቴ የካሰኝ ፎንት ላይ ነው። ፋይሎቹን ስከፍት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው መጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የፊደል መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር የምንጽፈው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ፎንቱ ብቻ ነው «ሀ» አስመስሎ የሚያሳየው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። ፋይሎቹን ብቻ ኮፒ አድርጌ ቢሆን ኖሮ የትኛው ፎንት እንደሆነ እገምት ነበር። ኢሜጁ ውስጥ ግን የዊንዶውሱ የፎንት ፎልደር እንዳለ አለ። ጋሼ የተጠቀመበትን ራሱን አውጥቼ ጫንኩት። ፊደሉ ተስተካክሎ ሲመጣ አለቀስኩ። ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ መጠቀም ትችላላችሁ። ዋናውን ፋይልና ፎንቱን ግን እንዳትጥሉ፤ መቀየሪያዎቹ እንደ «ሏ» ያሉ ዲቃላ ፊደላትን ሊስቱ ይችላሉ።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ፋይሎቹ 1996 እና 1997 ይላሉ። ግን የተጻፉት በዎርድ 2000 ነው። ዎርድ 2000 የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እንዴት ቀድሞት ይጻፋል? ሰዓቱም ግራ ያጋባል፤ ሁሉም ሌሊት 7 እና 9 ሰዓት ላይ የተጻፈ ይመስላል። እትዬን ጠየቅኋት። «ጋሼ ሌሊት ተነስቶ አያውቅም። ከራት በኋላ ነው፤ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት» አለችኝ። ያኔ ገባኝ። የኮምፒውተሩን ሰዓትም ዓመተ ምሕረትም በእኛ አቆጣጠር ነበር የሞላው። ከምሽቱ አንድ ሰዓትን 1 ብሎ ሲሞላው ለኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆነ። እዚህ አገር የተሠራ ዲስክ ላይ ያለውን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትመዝግቡ። የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ፣ ያገኛችሁትን ለብቻው ጻፉ፣ የፋይሉን ቀን ግን አትንኩ።

ከ63ቱ ስም አልባ ፋይሎች 48ቱ የዎርድ ናቸው። ዎርድ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠበትን ቀን ፋይሉ ውስጥ ይይዛል። ከስማቸው ጋር የጠፋው ቀናቸው በዚህ ተረፈ። 15ቱ ግን ስብርባሪ ናቸው፤ ቀንም የላቸው።

ስለ ሰው ገመናም ልንገራችሁ። በልክ ኤክስትራክተር የሚባለው መሣሪያ ኢሜይልና የካርድ ቁጥር አሳድዶ ያወጣል። ለእኔ ብዙም አልጠቀመኝም። የመንዝ ሰው ገመና ኢሜይል ውስጥ አይደለም ያለው። ጋሼ ለጎረቤት አቤቱታ ይጽፍ ነበር። የፍቺ፣ የቀለብ፣ የወሰን ክርክር፤ ሁሉም በድሮው ፎንት። የትኛውም መሣሪያ አያገኘውም። አንድ በአንድ በዓይኔ አንብቤ ለየሁ። አንድ ኃላፊ ለባህል ዝግጅት ሁሉንም በፍላሽ ስጪን ብሎ ሦስት ጊዜ ደውሎልኛል። አልሰጠሁም፤ አልሰጥምም። የተሰረዙትን ፋይሎች መክፈት እንደምችልም ለእትዬ ነግሬአት ፈቃዷን ጠይቄአለሁ። «የሰረዘውን ተይለት» አለችኝ። ስለዚህ ከጠፉት ስሞች በቀር አልከፈትኩም።

አሁን ኢሜጁ ከነሀሹ 3 ቦታ አለ። አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ እትዬ ቤት ሳጥን ውስጥ። በየመስከረሙ ሀሹን አስልቼ አወዳድራለሁ።

ግጥሞቹን ደግሞ በትልቅ ፊደል አትሜ ወደ መንዝ ይዤ እሄዳለሁ። ማን እንደተናገረው የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። ባለፈው ጥር ሞላሌ አጠገብ አንዲት እናት ሙሾውን ሳነብላት ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ አብራኝ ማለት ጀመረች። «የእናቴ ነው። ለወንድሟ ያለችው» አለች። በፋይሉ ላይ የእናቷን ስም ጻፍኩ፤ ማን እንደነገረኝና መቼ እንደነገረኝም አብሬ መዘገብኩ። በዚህ ዓይነት እስካሁን 21 ሰው ተገኝቷል። 34 ይቀረኛል። ከመኸር በኋላ፣ ሰው ከአውድማ ሲመለስ፣ በማማ ምድር በኩል እሄዳለሁ።