ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ሥራዬ ካርታ መሥራት ነው። በተለይ የውሃ ካርታ። ባሕሩ ከፍ ቢል የትኛው ቤት ውስጥ ይገባል፣ የትኛው መንገድ ይዘጋል፣ ሰው በየት በኩል ይወጣል የሚለውን በቀለም አሳያለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ከወገብ በላይ ነው። ፈዛዛው ቁርጭምጭሚት ድረስ። ነጩ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ነው ብለን የምናምነው ማለቴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ትንሽ የጠረፍ መንደር የአየር ንብረት ለውጥን መቋቋሚያ ዕቅድ ሲዘጋጅላት የካርታው ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ስሟን አልጠራም። ዕቅዱን ያስተባበረውንም መሥሪያ ቤት አልጠራም፤ ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ስለሆነ። ሰነዱ አማረ። ሽፋኑ ላይ የባሕር ፎቶ አለ። ውስጡ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ነው። ከዚያ ልምምድ ይደረግ ተባለና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወል ተደወለ። ሰው ልጆቹን ይዞ ወጣ። ሽማግሌዎች ተደገፉ። ሁላችንም መጠለያ ተብሎ ወደተመረጠው ትምህርት ቤት ተጓዝን።

በሩ ተቆልፏል።

ቁልፉ ማን ጋ ነው? ዘበኛው ጋ። ዘበኛው የት ነው? ቤቱ፣ ቅዳሜ ነዋ። ቤቱስ የት ነው? ከታችኛው ድልድይ ማዶ። እኔ ካርታ ላይ ውሃ ቀድሞ የሚውጣት ድልድይ እሷ ነች። በጥቁር ሰማያዊ የቀባኋት እኔው ነኝ።

ከኋላዬ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም። ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ዕቅድ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምፈልገው ቁልፉን ነው። መግቢያውን እዘልለዋለሁ። የባሕሩን ቁጥር ደግሞ አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከ1901 እስከ 2018 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ባሕር ወለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ጭማሪው በዓመት 1.3 ሚሊ ሜትር ነበር። ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 3.7 ገብቷል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የየብሱ በረዶም እየቀለጠ ይጨመርበታል። ነገሩ ይኸው ነው። በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወሰነው በምናቃጥለው ነዳጅ ነው። ግምቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ካነሰ ጀምሮ እስከ 1 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ ሊሆን እንደሚችል ሳይንቲስቶች ያስጠነቅቃሉ።

3.7 ሚሊ ሜትር ሲባል ሰው ይስቃል። ዓይን አይሞላም። ግን ባሕር የሚጎዳን በአማካዩ አይደለም። የሚጎዳን ሙላቱ (ባሕሩ በየቀኑ በሰዓቱ ከፍ የሚልበት) እና ማዕበሉ የተገጣጠሙበት ሌሊት ነው። ወለሉ ትንሽ ከፍ ሲል ያ ሌሊት ቶሎ ቶሎ መምጣት ይጀምራል። በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው ከፍታ፣ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ መለኪያ ካለባቸው የጠረፍ ቦታዎች ከግማሽ በሚበልጡት ቢያንስ በየዓመቱ እንደሚታይ ይጠበቃል። አያት አንዴ ያዩትን የልጅ ልጅ በየዓመቱ ያየዋል ማለት ነው።

ወደ ካርታዬ ልመለስ። አንድ የማፍርበት ነገር አለ።

የመሬት ከፍታ መረጃ ስንፈልግ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ከጠፈር የተለካውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አንዲት የጠፈር መንኮራኩር ዓለምን ዞራ በራዳር የለካችው አለ። ነፃ ነው፤ ሁሉም ያወርደዋል። ችግሩ ራዳሩ ዛፍ ሲያገኝ ቅጠሉን፣ ቤት ሲያገኝ ጣሪያውን መሬት ነው ብሎ መመዝገቡ ነው። ስለዚህ ዛፍና ቤት የበዛበት ጠረፍ ከእውነተኛው በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በ2019 ሁለት ተመራማሪዎች ይህንን ስህተት አርመው እንደገና ሲያሰሉ፣ ከባሕሩ ሙላት በታች ባለ መሬት ላይ ዛሬ የሚኖረው ሰው ወደ 110 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። በአሮጌው መረጃ 28 ሚሊዮን ነበር። ሰው አልጨመረም፣ መሬት አልወረደም። ጣሪያ ስንለካ ኖረን ነው።

ይህንን በንባብ አውቀው ነበር። ግን የገባኝ አንዲት አዛውንት ቤት ስገባ ነው። ለእማማ ካርታዬን ዘረጋሁላቸው። ቤታቸው ነጭ ላይ ነው። ዝም ብለው አዩት፣ ተነሱና ግድግዳውን አሳዩኝ። ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢጫ መስመር አለ። የጨው ነው።

«ይሄን ማን አሰመረው መሰለሽ ልጄ?» አሉኝ።

ካርታዬን አጠፍኩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ቤት ለቤት እየዞርኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ። ባለፈው ውሃው ሲመጣ በየት በኩል ገባ? ያልጠበቅሁት ነገር ብዙ ሰው በፊት ለፊት አላለም። ባሕሩ በፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ፣ በዝናብ መፋሰሻ ቦዩ በኩል እየተገፋ ነው የገባው። ባሕሩ ሲሞላ የቦዩ አፍ ይታፈናል። ከላይ ዝናብ ይወርዳል። ሁለቱ መንደሩ መሃል ይገናኛሉ። በሰነዱ ላይ የታቀደው ትልቁ ግንብ ግን ፊት ለፊት ነው። ግንቡ ቢሠራ ደግሞ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ማፍሰሻ የሌለው ገንዳ መሥራት ማለት ነው።

ግንብ አያስፈልግም አላልኩም። ከጀርባው ከተማ ያለ እንደሆነ ምን አማራጭ አለ? ግን ግንብ በፎቶ ደስ ይላል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ቦይ መጥረግን ማን ይመርቃል?

የጉድጓዱ ነገር ደግሞ አለ። ጠረፍ ላይ ከመሬት ሥር የሚጠጣው ውሃ ቀለል ስለሚል በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው። ከባሕሩ ወለል በላይ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከቆመ ከወለሉ በታች ወደ 40 ሜትር ይዘልቃል። ይህ ስሌት ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። ሲገለበጥ ግን ያስፈራል። በፓምፕ ስበን ስበን 1 ሜትር ብናወርደው ጨዋማው ከሥር ወደ 40 ሜትር ወደ ላይ ይጠጋል። መሬቱም ራሱ ይሰምጣል። የጃካርታ ሰሜናዊ ሰፈሮች በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰመጡበት ጊዜ አለ። ከባሕሩ ሚሊ ሜትር ጋር አወዳድሩት እስቲ። ዋናው ምክንያት የከርሰ ምድር ውሃ መሳቡ ነው። ቶኪዮም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስትሰምጥ ነበር፤ አንዳንድ ሰፈሯ ከ4 ሜትር በላይ ወርዷል። ፓምፕ በሕግ ሲገደብ መስመጡ በአብዛኛው ቆመ። አንድ መንደር የዓለምን ባሕር ማውረድ አይችልም። ፓምፑን ግን ማን፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስነሳ መወሰን ይችላል። ለዚህ ነው ስለ ፓምፕ ያልተጻፈበት የጠረፍ ዕቅድ ሳይ የምናደደው።

ቁልፉን በትክክል ያስቀመጠ አገር ማን ነው ብትሉኝ ባንግላዴሽ እላለሁ። በ1970 በመጣው ሳይክሎን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ቢያንስ 300 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከዚያ በ1972 ዛሬ ቀይ ጨረቃ ከሚባለው ማኅበር ጋር የበጎ ፈቃደኞች አሠራር ተጀመረ። ዛሬ ከ76 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። አደጋው ሲጨምር የሚሰቀለው ባንዲራ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ሦስት ይጨምራል። የእጅ ድምፅ ማጉያ የያዘ ጎረቤት በየበሩ ይዞራል። ጎረቤት መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። የማያውቁት ሰው ቤትህን ጥለህ ውጣ ቢል ማን ይሰማዋል?

እነሱም ቢሆኑ እየወደቁ ነው የተማሩት። በ1991 ሌላ ሳይክሎን ከ130 ሺህ በላይ ሰው ጨረሰ። ከሞቱት የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ እጅግ በለጠ። ከምክንያቶቹ አንዱ መጠለያው ውስጥ ለሴት የሚሆን ቦታና መጸዳጃ አለመኖሩ ነበር። ብዙ ሰው ደግሞ ከብቱን ጥሎ አልሄድም አለ። ኑሮው እሱ ነዋ! ስለዚህ ለከብት የሚሆኑ ከፍ ያሉ የአፈር ጉብታዎችም ተሠሩ። በ2020 ትልቅ ሳይክሎን ሲመጣ፣ ያውም በኮሮና መሃል፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወጣ። በባንግላዴሽ በኩል የሞቱት በአሥሮች ነው የተቆጠሩት። ያንን ለውጥ ያመጣው ኮንክሪት ብቻ ቢሆን ኖሮ የእኔም መንደር ትምህርት ቤቷ ኮንክሪት ነበር።

ስለ ማንግሮቭ፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሥር ሰዶ ማዕበል ስለሚያበርደው የጠረፍ ዛፍ፣ ብዙ መጻፍ እችላለሁ፤ አልጽፍም። ሁሉም ዕቅድ ውስጥ አለ። ችግኝ ተከላ ፎቶው ያምራል። ፊሊፒንስ ውስጥ በብዛት የተተከለው ችግኝ ማዕበል በሚመታው ጭቃ ላይ እየተተከለ አለቀ። ትክክለኛው ቦታ ከፍ ያለው ነበር፤ እሱ ደግሞ የዓሣ ኩሬ ሆኖ ባለቤት አለው። ጭቃው ባለቤት ስለሌለው ተተከለበት። በተቃራኒው ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ ጎርደን ሳቶ የሚባሉ የሕዋስ ተመራማሪ ከመንደሩ ሰዎች ጋር የሠሩትን በጣም እወደዋለሁ። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ማየት ነው። ማንግሮቭ የሚበቅለው ጎርፍ ወደ ባሕሩ በሚገባበት ብቻ ነው። ለምን? የጎርፉ ውሃ አይደለም፣ ይዞት የሚመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው አሉ። ማዳበሪያውን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ ቁራጭ ብረት ጨምረው ከችግኙ ሥር ቀበሩ። በረሃ ላይ በቀለ። ቅጠሉም ለፍየልና ለበግ ሆነ። ፍየል ያለው ሰው ዛፉን ይጠብቀዋል።

የሚከብደው ክፍል ቦታ ለቅቆ መነሳት ነው። እዚህ ላይ ድምፄ ዝቅ ይላል፤ በስብሰባም እንዲሁ ነው።

ዌልስ ውስጥ ፌርቦርን የምትባል መንደር አለች። በ2014 ገደማ የጠረፍ ዕቅዱ ከተወሰኑ አሥርት ዓመታት በኋላ መከላከሉ እንደሚቆም አስቀመጠ፤ 2054 የሚል ዓመት ተጠራ። ብዙ ነዋሪዎች የሰሙት ከቴሌቪዥን ነው። የቤቱ ዋጋ ወረደ፣ ባንክ ለቤት መግዣ ማበደር ተወ። ውሃው ሳይደርስ ወረቀቱ ቀድሞ ደረሰ። እኔ ያን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ማንኛውንም ካርታ ለባለቤቶቹ ሳላሳይ ለሌላ ሰው አልልክም። አንድ ሰማያዊ ቀለም የሰው ቤት ዋጋ ያሳጣል።

ፓናማ ውስጥ ደግሞ ጉና የሚባለው ነባር ሕዝብ የሚኖርባት ጋርዲ ሱግዱብ የምትባል ደሴት አለች። እግር መርገጫ የሌላት፣ ቤት ለቤት የተጣበቀባት ነች። ሰዎቹ ወደ የብስ እንሂድ ብለው ራሳቸው መነጋገር የጀመሩት በ2010 አካባቢ ነው። መንግሥት የአዲሱን ሰፈር የቤት ቁልፍ ያስረከበው በ2024 ነው። ወደ 300 ቤተሰብ። በመሃሉ 14 ዓመት አለ። ያንን ዕድሜ ስብሰባ፣ ተስፋ፣ የተቋረጠ ግንባታ በሉት። ያም ሆኖ ያልሄዱ አሉ። እኔ አልፈርድባቸውም። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ጠዋት ሲነሳ ጀልባውን ማየት አለበት።

ለእንዲህ ዓይነት ዕቅድ ገንዘብ ማምጣት ይቻላል። የሚጠፋው በሦስተኛው ዓመት ቦዩን የሚጠርግ ነው። ኔዘርላንዳውያን ለዚህ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የኖረ የውሃ ቦርድ አላቸው። የራሱ ምርጫ፣ የራሱ ግብር አለው። ለውሃ ብቻ ድምፅ ይሰጣሉ። አሰልቺ ይመስላል አይደል? እኔ ግን እቀናለሁ።

ባለፈው ወደዚያች መንደር ተመልሼ ነበር። ዕቅዱ ታድሷል፤ አሁን ቀጭን ነው። ቦዩ አፍ ላይ ውሃ ሲወጣ የሚከፈት፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚዘጋ መዝጊያ ተገጥሟል። የመጠለያው ቁልፍ ሦስት ቅጂ ሆኗል፤ አንዱ ያቺ የሳቀችብኝ ሴት ጋ ነው። ልጇ አድጎ ይሮጣል። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ አሳየችኝና «ነይ እንሞክረው» አለችኝ። ሄድን። ቁልፉ ገባ። ግን አልዞረም። መቆለፊያውን ጨው በልቶታል።

ተያየን። ልጇ ዘይት ሊያመጣ ሮጠ።