በአንድ ኤለመንት (የድረ ገጽ ክፍል) ላይ አኒሜሽን መደራረብ፦ የፋሲል ግንብን ምስል እንዴት እንዳንቀሳቀስኩት

ለጥምቀት ወደ ጎንደር ለሚመጡ እንግዶች በተዘጋጀ ገጽ ላይ የፋሲል ግንብ ምስል ከታች እየወጣ፣ እየደመቀና እየተለቀ እንዲመጣ፣ ከዚያም ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ እንዲል ነበር የፈለግኩት። የተጠቀምኩት ጂሳፕ (GSAP) የተባለውን የጃቫስክሪፕት አኒሜሽን መሣሪያ ታይምላይን፣ ማለትም እንቅስቃሴዎችን በሰዓት የሚደረድረውን ክፍሉን ነው።

ለአንድ ትዊን (አንድን ንብረት ከአንድ ዋጋ ወደ ሌላ ለሚወስድ አንድ እንቅስቃሴ) የሚጀምርበት ሰዓት ካልተነገረው ከፊቱ ያሉት ሁሉ እስኪያልቁ ይጠብቃል። መውጣቱ 1.2፣ መድመቁ 0.6፣ መተለቁ 1.6 ሰከንድ ስለሆነ ተራ በተራ ቢሄዱ 3.4 ሰከንድ ይፈጃሉ፤ ይህ በጣም ይረዝማል። መደራረቡን የሚወስነው በትዊኑ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው የቦታ ዋጋ ነው። ለመድመቁ የ«ያንሳል» ምልክት (<) ብቻ ሰጠሁት፤ ከመውጣቱ ጋር እኩል ይነሳል። ለመተለቁ ደግሞ ከዚያው ምልክት ቀጥሎ 0.3 ጻፍኩ፤ ከመድመቁ መነሻ 0.3 ሰከንድ ዘግይቶ ይነሳል። ሁሉም በ1.9 ሰከንድ ያልቃል። ቁርጥ ያለ ሰከንድ መጻፍም ይቻላል፤ ግን በኋላ የአንዱ ርዝመት ሲቀየር የቀሩትን በእጅ ማስተካከል ስለሚያስፈልግ አልመክርም።

እነዚህ ሦስቱ አይጋጩም፤ እያንዳንዱ የሚነካው የተለያየ ነገር ነው። ጂሳፕ ከፍታንና ስኬልን (መጠንን) ለየብቻ ይዞ በመጨረሻ ወደ አንድ ትራንስፎርም (ቦታንና መጠንን አብሮ ወደሚይዝ ንብረት) ያዋህዳቸዋል። ያለ ጂሳፕ በብሮውዘሩ በራሱ የአኒሜሽን ትእዛዝ ሲሠራ ግን ትራንስፎርም አንድ ንብረት ነውና ሁለተኛው አኒሜሽን የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል። እዚያ መፍትሔው ትራንስሌትን (የቦታ ለውጥን) እና ስኬልን እንደየራሳቸው የሲኤስኤስ (የገጽ መልክ መወሰኛ ቋንቋ) ንብረት መጻፍ፣ ወይም ኮምፖዚትን (አኒሜሽኖች የሚዋሃዱበትን መንገድ) «አድ»፣ ማለትም ደምር፣ ማድረግ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከፍ ዝቅ ማለቱ ላይ ነው፤ እሱም እንደ መውጣቱ ከፍታን ነው የሚነካው። ምስሉ ከቦታው 80 ፒክስል ዝቅ ብሎ ተነስቶ ወደ 0 እየወጣ ሳለ 0.9ኛው ሰከንድ ላይ ሁለተኛው ትዊን ቢነሳ፣ ምስሉ በጂሳፕ በተለመደው ኢዝ (የፍጥነት አካሄድ) ገና 5 ፒክስል ይቀረዋል። አዲሱ ትዊን ያንን 5 እንደ መነሻ ይይዘዋል። ስለዚህ ግንቡ ድንገት ቀጥ ይላል፣ ከዚያም በ0 እና በ-6 መካከል መሆን ሲገባው በ5 እና በ-6 መካከል ሲመላለስ ይኖራል። ኦቨርራይትን (ትዊኖች ሲጋጩ የትኛው እንደሚቆም የሚወስነውን ቅንብር) «ኦቶ» ማድረግ የመውጣቱን ትዊን ያስቆማል እንጂ መነሻውን አያስተካክልም። «ትሩ» ማድረግ ደግሞ የባሰ ነው፦ የዚያን ኤለመንት ትዊኖች በሙሉ ስለሚገድል፣ ኦፓሲቲው (መድመቁ የሚነካው የመታየት መጠን) በሲኤስኤስ 0 የሆነ ምስል ጭራሽ ሳይታይ ይቀራል።

ስለዚህ ምስሉን በአንድ ዲቭ (መያዣ ኤለመንት) ከበብኩትና ከፍ ዝቅ ማለቱን ለዲቩ ሰጠሁት። የሁለቱ ከፍታ በራሱ ይደመራል፤ ከፈለግኩ መውጣቱ ሳያልቅ ማስጀመር እችላለሁ፣ ምንም አይናጥም። ሁልጊዜ የምከተለው ደንብ ይኸው ነው፦ በሰዓት መደራረብ ችግር የለውም፣ አንድን ንብረት ግን በአንድ ጊዜ አንድ ትዊን ብቻ ይንካው።

ሲተልቅ ደግሞ የትራንስፎርም መነሻው 50% 100%፣ ማለትም የታችኛው ጠርዝ መሃል፣ መሆን አለበት። ያለዚያ ስኬሉ ከመሃል ስለሚሠራ፣ 400 ፒክስል ቁመት ያለው ግንብ በ0.9 ስኬል መሠረቱ 20 ፒክስል ከመሬት ለቆ ይታያል። ያን የመሰለ ግንብ በአየር ላይ ማንጠልጠል ደግሞ አያምርም!

እንቅስቃሴው ሁሉ ተስተካክሎም ምስሉ የሚጎተት ከመሰለ ሲኤስኤሱ ውስጥ «ትራንዚሽን ኦል» (ማንኛውም ለውጥ ቀስ በቀስ ይሁን) የሚል ተጽፎ እንደሆነ ይፈተሽ። ጂሳፕ በየፍሬሙ አዲስ ዋጋ ሲጽፍ ብሮውዘሩ በየጊዜው አዲስ ትራንዚሽን ይጀምራል፤ ሁለቱ እየተጓተቱ ይሄዳሉ። ትራንዚሽኑን ለቀለም ብቻ መገደብ ይበቃል።

ግጭቱ የት እንዳለ በዓይን ለማየት የታይምላይኑን ታይምስኬል (ፍጥነት) 0.1 አደርገዋለሁ። 1.9ኙ ሰከንድ 19 ይሆናል፣ የትኛው ትዊን የቱን እንዳቋረጠ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምስሉ ሳይወርድ ታይምላይኑ እንዳይነሳም በቆመበት ፈጥሬ፣ የምስሉ ዲኮድ (ወርዶ ለመታየት መዘጋጀቱ) ሲያልቅ ነው የማስጀምረው፤ ኔትወርክ በሚንቀረፈፍበት ስልክ ላይ አኒሜሽኑ በባዶ ሳጥን ላይ ከሚያልቅ አንድ ሰከንድ መዘግየቱ ይሻላል።