ሁለቱን ከባድ ስፒከሮቼን ወደ አዲሱ ቤት ያጓጓዝኩበት መንገድ

ስፒከሮቼ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ይቆማሉ፤ ክብደታቸውም 52 ኪሎ ግራም ነው። ቤት ለመቀየር ስነሳ ከፍሪጁና ከቁም ሣጥኑ ይልቅ እንቅልፍ የነሱኝ እነርሱ ነበሩ። ፍሪጅ ጎኑ ቢጫር ማቀዝቀዙን አይተውም፤ የስፒከር ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ግን የአንድ ሰው አውራ ጣት ካረፈበትና ከጎደጎደ፣ በተለይ ከስስ ብረት የተሠራ ከሆነ፣ ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለሱ ያጠራጥራል።

የመጀመሪያውን ጥፋት ያጠፋሁት ገና ከሳሎኑ ሳልወጣ ነው። ከሥራቸው ያሉት ሹል የብረት እግሮች ክብደቱን ቀጥ አድርገው ወደ ወለሉ የሚያወርዱ እንጂ ከጎን የሚመጣ ግፊትን የሚችሉ አይደሉም። ይህን እያወቅሁ፣ ረዳቶቼ እስኪመጡ አንዱን ከግድግዳው ላላቅቀው ብዬ ብቻዬን ሳብ ሳደርገው፣ የፊተኛው እግር ምንጣፉን ነክሶ ቀረና ከሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በኋላ አጋድሜ ሳየው እግሩ የሚታሰርበት ባለ ጥርስ የብረት ቀለበት ከእንጨቱ ውስጥ ግማሽ ድረስ ተነቅሎ፣ ዙሪያው እንደ እርጥብ ካርቶን ተልጦ ነበር። በማጣበቂያ መልሼ አጸናሁት፤ ቢሆንም ሁለተኛውን ከቦታው ከማንቀሳቀሴ በፊት ለሁለት ሆነን በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ በቀስታ አጋደምነውና አራቱንም እግሮች ፈታን። እግሮቹን ከነማሰሪያቸው በአንድ ከረጢት አድርጌ በኪሴ ያዝኳቸው፤ በዕቃ መሐል የገባ ትንሽ ነገር መቼ እንደሚገኝ አይታወቅምና።

ሽቦዎቹን የነቀልኩት አምፕሊፋየሩን አጥፍቼና ከሶኬት አውጥቼ ነው። የፊት መሸፈኛው ጨርቅ ከአቧራ እንጂ ከግፊት ስለማያድን፣ በላዩ ደረቅ ካርቶን በስፒከሩ ልክ ቆርጬ አደረግሁ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር ማግኔቱ ነው፤ መሸፈኛው በወለቀበት ሰዓት ካቻቢቴ ይዞ ወደ ዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ፣ ባሱን፣ ወደሚያወጣው ትልቁ ክፍል) የተጠጋ ሰው፣ ብረቱ ድንገት ከእጁ ተስቦ የዉፈሩን ስስ ገጽ ሊበሳው ይችላል። ስለዚህ መፍቻዎቹን ሁሉ ሌላ ክፍል አስቀመጥኳቸው።

ስፒከሮቹ ሲገዙ የመጡበትን ካርቶን ከነስፖንጁ ቦታ ያዘብኝ ብዬ ከጣልኩት ቆይቻለሁ፤ አሁንም ይቆጨኛል። በምትኩ እያንዳንዱን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከላይ በላስቲክ አጠበቅሁት። ላስቲኩን በቀጥታ በእንጨቱ ላይ መጠቅለል እርጥበት አፍኖ ቀለሙን ሊያበላሽ ይችላል፤ ፕላስተር ከተለጠፈበትም ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ሊነሳ ይችላል።

ደረጃውን የወረድነው ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ላይ በቀበቶ አስረን፣ አንዳችን ከላይ እየያዝን ሌላው ከታች እየደገፈ፣ በየደረጃው እየቆምን ነው። ክብደቱ የሚጫነው ከታች ያለውን ሰው ስለሆነ ጉልበት ያለው እዚያ መቆም አለበት። ማንም ሰው ጣቱን ከኋላ ባለው የድምፅ መውጫ ቀዳዳ አስገብቶ ወይም በሽቦ ማሰሪያዎቹ ስፒከሩን እንዳይዝ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ እነዚህ ለመሸከሚያ ምቹ ይመስላሉ፣ ነገር ግን ተሰብረው እጅ ላይ የሚቀሩ ናቸው።

መኪናው ላይ ይጋደሙ ወይስ ይቁሙ በሚለው ተከራክረን ነበር። በጀርባቸው ብናስተኛቸው ወደ ኋላ የወጡት የሽቦ ማሰሪያዎች ሸክሙን ሁሉ ሊሸከሙ ነው። ስለዚህ ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር አስጠግተን አቆምናቸው፤ ማሰሪያዎቹ ግድግዳውን እንዳይነኩ ከበላያቸውና ከበታቻቸው የታጠፈ ጨርቅ አደረግን፣ በሁለቱ መካከል ፍራሽ አስገባን፣ ከዚያም አንዱን ቀበቶ ከወገባቸው በላይ ሌላውን ከወገባቸው በታች አዙረን አሰርን። ከወገብ በታች ብቻ ቢታሰሩ ኖሮ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ አናታቸው ይወዛወዝ ነበር።

አዲሱ ቤት ስንደርስ ብርድ ውስጥ የቆየ ዕቃ ሙቅ ክፍል ሲገባ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል እስከ ማግስቱ ሳልከፍታቸው ቆየሁ። በማግስቱ ሙዚቃ ስከፍት ግን ባሱ የለም፤ ዘፋኙም ከመሐል መሆኑ ቀርቶ ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ተሰብሯል ብዬ ዉፈሮቹን በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ስመረምር አመሸሁ። ለካ በግራው ስፒከር ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ቦታ አስሬው ኖሯል፤ አንዱ ዉፈር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ እየሳበ ባሱን እርስ በርስ ያጠፋፉት ነበር። ሳልነቅል በፊት ሽቦዎቹን ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ፎቶውን ማየት ግን ትዝ ያለኝ ሽቦውን አስተካክዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።