ጠርሙሱ ላይ የተጻፈችው መስመር

ህዳር አካባቢ ላብ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ፣ በተለይ ናኖፕላስቲክ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት ላይ ልትሰሩ ያሰባችሁ ካላችሁ በደንብ አንብቡልኝ።

እዚህ ቤልጂየም ማስተርሴን እየሰራሁ ነው፣ ስራዬ 50 ናኖሜትር የሚሆን የፖሊስታይሪን ቅንጣት፣ ያው ነጩ የቴክአዌይ እቃ የሚሰራበት ፕላስቲክ ነው፣ ዳፍኒያ ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ መለካት ነው። ዳፍኒያ የውሃ ቁንጫ የሚሏት ናት፣ አዲስ የተወለደችው የጤፍ ፍሬ ብታክል ነው፣ ሰውነቷ ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ማይክሮስኮፕ ስር ስታዩዋት ልቧ ቱር ቱር ሲል፣ አንጀቷ በበላችው አልጌ አረንጓዴ ሆኖ ሁሉም ነገር ይታያል። ትናንሽ ዓሦች የሚመገቡት እሷን ስለሆነ እሷ ከተጎዳች ጣጣው ለዓሣውም ይተርፋል። እኔ ደግሞ የባቱ ልጅ ነኝ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ መገኘቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሳነብ ሆዴ ተላውሶ ነው ወደዚህ ርዕስ የገባሁት።

ቴስቱ ኦኢሲዲ 202 በሚባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ነው የሚሰራው። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸውን ትለዩና በእያንዳንዱ መጠን 20 ዳፍኒያ፣ አምስት አምስት እያረጋችሁ አራት ቢከር ውስጥ ትከታላችሁ፣ 48 ሰዓት ምግብ የለም። ከዛ ቢከሩን ቀስ አርጋችሁ ነቅነቅ፣ 15 ሰከንድ ጠብቃችሁ ያልዋኘችው ቆማለች ተብላ ትቆጠራለች። ኮንትሮሉ ላይ፣ ማለትም ምንም ፕላስቲክ ያልተጨመረበት ማነጻጸሪያው ላይ፣ ከ10% በላይ ከቆሙ ቴስቱ ውድቅ ነው።

የኔ ኮንትሮል ላይ አንድም አልቆመም። በሊትር 100 ሚሊግራም ፕላስቲክ ያለበት ላይ ግን 20ዎቹም ታች ተኝተዋል፣ 50 ላይ 17፣ 25 ላይ 9። መስመሩ ሲወጣ ቆንጆ ነው፣ መጠኑ ሲጨምር ሞቱም ይጨምራል። ደገምኩት፣ ያው ሆነ። በቃ አገኘሁት ብዬ ለኮንፈረንስ አብስትራክት፣ ያው የስራውን አጭር ማጠቃለያ፣ ጽፌ ላክሁ፣ ናኖፕላስቲክ በ48 ሰዓት ዳፍኒያ ይገድላል የሚል።

የዳፍኒያ እርባታውን የሚይዙት አንድ አገር ቤት የለቀቁ ብዙ ዘመን የሆናቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ውጤቱን ሳሳያቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፣ ግራፉን አይተው ዝም አሉ።

«ጠርሙሱ የታለ?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነው ጋሼ፣ ላምጣልዎት?»

«አምጪው እስቲ፣ መነጽሬንም ከጠረጴዛው ላይ አንሺልኝ።»

ጠርሙሷ አውራ ጣት የምታክል ናት፣ ከፋብሪካ ተገዝታ የመጣች፣ ውስጡ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ነው። ጋሼ አዙረው አዙረው ከታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩኝ። 0.1% ሶዲየም አዛይድ ትላለች።

«ይሄስ ምንድነው?»

«ባክቴሪያ እንዳይበቅልበት የሚጨምሩት ነው ጋሼ።»

«ባክቴሪያውን የማይምር ዳፍኒያዎቼን ይምራል እንዴ ልጄ?»

ክው አልኩ። አዛይድ እኮ ሴል ኦክስጅን የሚጠቀምበትን መንገድ የሚዘጋ መርዝ ነው፣ ይሄን ክላስ ተምሬዋለሁ፣ ጠርሙሱን ግን ሁለት ወር ሙሉ ስይዘው አንዴም አላነበብኩትም። ቁጭ ብለን አሰላነው፣ ስቶኩ፣ ያው ሳይቀጥን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ በሊትር 10 ግራም ፕላስቲክ አለው፣ አዛይዱ ደግሞ 1 ግራም፣ ስለዚህ 100 ሚሊግራም ፕላስቲክ ጨመርኩ ባልኩ ቁጥር 10 ሚሊግራም አዛይድ አብሬ እጨምር ነበር ማለት ነው። ሳቀጥነውም ሁለቱ እኩል ስለሚቀጥኑ ነው መስመሩ እንደዛ ያማረው።

ጋሼ ያዘዙኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስቶኩን ማጣሪያ ባለው ቱቦ አርጌ ሴንትሪፊውጅ በሚባለው ማሽን በፍጥነት አሽከርክሬ ቅንጣቱን ላይ አስቀርቼ ያለፈውን ፈሳሽ ብቻውን በተመሳሳይ መጠን ዳፍኒያው ላይ መጨመር። ሁለተኛው ቅንጣቱን በዲያሊሲስ ማጠብ፣ ሜምብሬን ከረጢት ውስጥ ከቶ ንጹህ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ጠዋትና ማታ ውሃውን እየቀየሩ አምስት ቀን። ታጥቦ ሲያልቅ ደግሞ መጠኑን ድጋሚ ለኪው አሉኝ፣ እንዳይያያዝ የሚጠብቀው ሳሙና መሳይ ነገርም አብሮ ስለሚታጠብ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው 50 ናኖሜትር የነበረው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ የዳፍኒያው ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየምም ያጣብቃቸዋል። ለካሁት፣ ትንሽ አድጎ ነበር ግን ብዙም አልተያያዘም።

ውጤቱ ሲወጣ ፕላስቲክ የሌለበት ፈሳሽ ብቻውን ከ20 20ውን አቆመ። የታጠበው ፕላስቲክ በ100 ሚሊግራም አንድ ብቻ። ማይክሮስኮፕ ስር አንጀታቸው በቅንጣቱ ሞልቶ ነጭ ሆኗል፣ ግን ይዋኛሉ፣ ልባቸውም ይመታል። ያን ቀን እዛው ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ፣ ዝዋይን እያሰብኩ በጣም አምርሬ የጻፍኩት አብስትራክት የሚናገረው ስለ ፋብሪካው መጠበቂያ መድኃኒት ነበር።

ለፕሮፌሰሯ በማግስቱ ነገርኳትና አብስትራክቱን ከኮንፈረንሱ መልሰን ሳብነው። አልተቆጣችም፣ ብቻ የድሮ ፋይሎቿን ከፍታ የትኞቹ ስራዎች ላይ ቅንጣቱ ሳይታጠብ እንደገባ ማየት ጀመረች፣ ይሄ ነገር ሌሎች ላቦችም ላይ ደርሶ የተጻፈበት ጉዳይ ነው።

ፕላስቲኩ ነጻ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። 48 ሰዓት አጭር ነው፣ አንጀቷ በፕላስቲክ የሞላ ዳፍኒያ አልጌዋን በደንብ ትበላለች ወይ፣ ትወልዳለች ወይ የሚለው ገና ነው፣ ለዛ የ21 ቀኑን ቴስት ጀምሬያለሁ፣ በታጠበ ቅንጣት፣ የተጣራው ፈሳሽም ለብቻው ኮንትሮል ሆኖ ጎኑ ተቀምጧል። ዳፍኒያዎቹ ዛሬ 9ኛ ቀናቸው ነው፣ ጠዋት ከጋሼ ጋር የመጀመሪያዎቹን ልጆቻቸውን በፒፔት አንድ በአንድ እያወጣን ቆጠርን።